ኮምፒውተር ሲገጣጠም ገንዘቡ የት ይሂድ?

በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሱቆች መስታወት ላይም ሆነ በቴሌግራም ገበያ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ»። ገዢው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ይደራደራል፣ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ያነጻጽራል፣ በመጨረሻም ይከፍላል። ሦስቱም ግን ስለ ማሽኑ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ኮር አይ 7 የሚለው ስም ከ2008 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያዎቹ አራት ኮር ነበራቸው፤ በ2023 የወጣው አይ 7-14700ኬ ግን ሃያ ኮር አለው። በ2013 የወጣው አይ 7-4770 እና በ2022 መጀመሪያ የወጣው አይ 3-12100 ሁለቱም ባለ አራት ኮር ናቸው፤ ሥራ ላይ ሲፈተኑ ግን «ትንሹ» አይ 3 «ትልቁን» አይ 7 በግልጽ ጥሎት ይሄዳል። «1 ቴራ» የተባለውም ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ አልተነገረም። ስለ ፓወር ሳፕላዩማ ጭራሽ የሚያነሳ የለም።

ክፍሎቹን ራሱ መርጦ ዴስክቶፕ የሚያስገጣጥም ሰው ከዚህ የጭፍን ግብይት ይወጣል። ዋጋው የግድ ይረክሳል ማለት አይደለም። የሚያገኘው ጥቅም ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ብር የት እንደገባ ያውቃል፣ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ያንን ብቻ ይቀይራል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ ራም ወይም ግራፊክስ ካርድ ይጨምራል።

ይህ ዕድል የተገኘው በጥድፊያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አይቢኤም በኦገስት 1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ገበያ ላይ ሲያውል፣ ፍሎሪዳ ቦካ ራቶን ውስጥ በዶን ኤስትሪጅ የሚመራው ቡድን የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉንም ክፍል ራሱ ሠርቶ ስለማይደርስ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት፣ የፍሎፒ ድራይቩን ከሌላ ድርጅት ገዛ። የማሽኑን ቴክኒካዊ ዝርዝርም በመጽሐፍ አሳተመ። ኮምፓክን የመሰሉ ኩባንያዎች ብዙም ሳይቆዩ ተመሳሳዩን እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታ፣ የፓወር ሳፕላዩ ገመድ ሁሉ ተወሰነ። ዛሬ ከአንድ አገር የመጣ ኬዝ ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ማዘርቦርድ ልክ ገጥሞ የሚታሰረው ለዚህ ነው።

ብሎኑ ገጠመ ማለት ግን ዕቃዎቹ ተስማሙ ማለት አይደለም። በርበሬው የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ ወጡ እንደማይጣፍጥ ሁሉ፣ አንድ ውድ ዕቃ ደካሞቹን አይሸፍንም። ውድ ፕሮሰሰር ከሃርድ ዲስክ ጋር ተገጥሞ ሲንቀራፈፍ፣ ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ በርካሽ ፓወር ሳፕላይ እየተመገበ በየሰዓቱ ሲጠፋ ማየት የተለመደ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ገጣጣሚ የደንበኛውን ኪስ ከመጠየቁ በፊት ሥራውን ይጠይቃል። በፒችትሪ ሒሳብ የሚይዝ፣ በኤክሴል ደመወዝ የሚሠራ፣ ቀሪውን ጊዜ ብራውዘር ላይ የሚያሳልፍ ቢሮ ስድስት ኮር እንኳ ይበዛበታል። ለእሱ ግራፊክሱ በውስጡ ያለ መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራምና ጥሩ ኤስኤስዲ በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አዲስ መገጣጠሙም የግድ አይደለም። ከውጭ ቢሮዎች ተሰብስቦ የሚመጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ኤስኤስዲ ከተጨመረበት ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሳፕላይና ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ ኩባንያው ለራሱ ብቻ ያበጃቸው ስለሆኑ ሲበላሹ ገበያ ላይ ያለውን መደበኛ ዕቃ አይቀበሉም። ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ማሽን በርካሽ ሲቀርብ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

የአርክቴክቱ ጉዳይ የተለየ ነው። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። ስለዚህ ለእሱ የኮሩ ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ባለ ስድስት ኮር አዲስ ፕሮሰሰር ባለ አሥራ ስድስት ኮር አሮጌ የሰርቨር ፕሮሰሰርን ይበልጥበታል። ያው አርክቴክት ሥዕሉን ጨርሶ ለደንበኛው ሉሚዮን በተባለው ፕሮግራም ሕንፃው ላይ ሕይወት ሊዘራበት ሲነሳ ግን ሸክሙ ሁሉ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይዞራል። አንድ ሰው፣ አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ፍላጎቶች።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ዘንድ ደግሞ ብዙ ሻጮች የማያነሱት ነገር አለ። እንደ ሶኒ ኤ7 4 ያሉ የዛሬ ካሜራዎች ቪዲዮውን ኤች.265 በተባለ አሠራር፣ ባለ 10 ቢትና 4:2:2 ቀለም አድርገው ሊቀዱት ይችላሉ። ፋይሉ ቦታ አይፈጅም፤ ሲከፈት ግን ኮምፒውተሩን ያስጨንቃል። ይህን ዓይነት ፋይል በቀላሉ የሚፈታ ልዩ ክፍል በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ግራፊክስ ላይ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ አለ። ኤንቪዲያ ይህን ያካተተው በ2025 በወጣው የ50 ተከታታይ ካርዱ ነው። እንግዲህ አይ 5-12400ን ትቶ ጥቂት ርካሽ የሆነውን አይ 5-12400ኤፍን የሚገዛ ቪዲዮ ሠሪ ያጣው ይህንኑ ክፍል ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ውስጣዊ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። በጥቂት ዶላር ቁጠባ የቪዲዮ ሠሪው ታይምላይን ዓመቱን ሙሉ ስታክ ሲያደርግ ይኖራል።

ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመረጠው ማዘርቦርዱ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሶኬት ሲሆን የሶኬት ምርጫ የነገውን ይወስናል። እዚህ ላይ ሁለቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎች የሄዱበት መንገድ ይለያያል። ኤኤምዲ ኤኤም 4 የተባለውን ሶኬት በ2016 አውጥቶ ለዓመታት ሳይቀይረው ቆየ። በ2017 ቢ350 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው፣ የቦርዱ ሠሪ ባዮሱን (የቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም) እስካሻሻለለት ድረስ፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በዚያው ቦርድ ላይ መግጠም ችሏል። አምስት ዓመት በአንድ ማዘርቦርድ ማለት ነው። ኢንቴል በበኩሉ በ2021 ያወጣው 1700 ሶኬት 12ኛን፣ 13ኛንና 14ኛን ትውልድ ካስተናገደ በኋላ በኦክቶበር 2024 ለኮር አልትራ 200 ሲባል በ1851 ሶኬት ተተክቷል። የኤኤምዲ ተተኪ ሶኬት ኤኤም 5 በ2022 የወጣ ሲሆን ኩባንያው ቢያንስ እስከ 2027 ድጋፉ እንደሚቀጥል ተናግሯል። ማዘርቦርድ በየሦስት ዓመቱ መቀየር ለማይችል ገዢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሶኬቱ አንድ ሆኖም ኮምፒውተሩ አልነሳ ሊል ይችላል። መጋዘን ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ ከእሱ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ሲገጠምበት አያውቀውም፤ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱም ዕቃዎች ጤነኛ ናቸው፤ የሚያስፈልገው ባዮሱን ማደስ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ይህን ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ የሚያከናውን ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው። ባዮስ ማደስ ለኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ገዢ ከዚህም በላይ ጉዳይ ነው። በ2024 ኢንቴል እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ አምኖ በኦገስት ማስተካከያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጉዳት ያልደረሰበትን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አያድንም። ያገለገለ የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ አይ 7 እና አይ 9 ሲቀርብ ማመንታት ተገቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ራም ላይ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። «16 ጊጋ» አንድ ባለ 16 ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ባለ 8ም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አይስተካከሉም። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር በሁለት መንገድ ስለሚነጋገር ሁለት ካርድ ሲሰካለት በሁለቱም ይሠራል፤ አንድ ሲሰካለት ግማሹ መንገድ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ግራፊክሱ በውስጡ ያለ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር የሥዕል ሥራውንም ከዚያው ራም ላይ ስለሚቀዳ ልዩነቱ በተለይ በጌም ላይ በዓይን ይታያል። ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ የሚሰኩት ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው፤ በችኮላ ጎን ለጎን የሚሰኩ ብዙ ናቸው። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ደግሞ መሰኪያቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። 6000 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር 5 ራም ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ካላበሩለት አብዛኛውን ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። ይህን ሳያበሩ ዓመታት የተጠቀሙ ሰዎች የከፈሉበትን ፍጥነት አንድም ቀን አላዩትም።

የራም ዋጋ በአሁኑ ወቅት የመላው ዓለም ገጣጣሚዎች ራስ ምታት ሆኗል። የዓለምን የራም ቺፕ በብዛት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያስተናግዱ የመረጃ ማዕከሎች ከፍተኛ ክፍያ ስለሚያቀርቡ ሦስቱም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። በ2025 የመጨረሻ ወራት የራም ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ ሲሸጥ የቆየውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የዶላሩ ነገር ተደርቦበታል፤ በጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በዚያው ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነውና «ባለፈው ዓመት በዚህ ዋጋ ተሽጧል» የሚለው ክርክር ሱቅ ውስጥ አያዋጣም። በዚህ ሁኔታ ለቢሮ ሥራ ሲባል 32 ጊጋ መግዛት አስፈላጊ አይደለም። 16 ጊጋ በሁለት ካርድ ገዝቶ ሁለት ስሎት ባዶ መተው የተሻለ ነው።

ኤስኤስዲ ላይ ክርክር የለም። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ሲያነብ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋ ባይት ያህል ይሄዳል፤ በሳታ ገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ 550 ይደርሳል፤ በኤም.2 ስሎት የሚገባው ኤንቪኤምኢ እንደ ትውልዱ 3500 ወይም 7000 ይላል። የዕለት ተዕለት ልዩነቱ ግን ያለው በእነዚህ ቁጥሮች አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ መርፌ ስላለው በሴኮንድ መቶ ያህል ቦታ ብቻ ይደርሳል፤ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች። ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ መሻገር ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ከ3500ው ወደ 7000ው መሻገርን ግን ትልልቅ ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያውቀውም። ልዩነቱን ለኪስ ማስቀረት ይሻላል።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው የሐሰት ዕቃ ላይ ነው። ሲሰካ 1 ቴራ ብሎ የሚያሳይ፣ ውስጡ ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽና ውጫዊ ኤስኤስዲ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ፋይሉን የተቀበለ ይመስልና ከሞላ በኋላ በቀደመው ላይ እየደረበ ይጽፋል። አንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ያዘጋጀው ኤች2ቴስትደብሊው የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል።

ወደ ግራፊክስ ካርድ ሲመጣ ስም ማደናገሪያ መሆኑ በራሳቸው በአምራቾቹ የተረጋገጠ ነው። ጂቲኤክስ 1060 በ3 ጊጋና በ6 ጊጋ ተሸጠ፤ ገዢው ልዩነቱ ሚሞሪው ብቻ መሰለው፤ ባለ 3 ጊጋው ግን የስሌት ኮሮቹም ከ1280 ወደ 1152 ተቀንሰውበት ነበር። ጂቲ 1030 ከዚህ ይብሳል፤ በኋላ የወጣው ባለ ዲዲአር 4 ካርድ የሚሞሪው ፍጥነት የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስሙ ግን ያው ነው። በ2022 ኤንቪዲያ ሁለት የተለያዩ ካርዶችን አርቲኤክስ 4080 ብሎ ሊሸጥ ሲል ተቃውሞው ስለበረታበት ባለ 12 ጊጋውን ገበያ ሳይገባ ሰረዘው። ያው ካርድ በጃንዋሪ 2023 አርቲኤክስ 4070 ቲአይ በሚል ስም ወጣ። ከዚህ በታች ደግሞ ግልጽ ማጭበርበር አለ፤ የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ የአዲስ ካርድ ስም እንዲያሳይ ይደረጋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነቱን ሲያገኝ ከ2018 ጀምሮ «ሐሰተኛ» ብሎ ይጽፍበታል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛ ሰው ስለ ክሪፕቶ ማዕድን መጠየቁ አይቀርም። ኤቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። እነዚህ ሁሉ የሞቱ ናቸው ማለት ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ፋኑና ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱ ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። የሚሞሪው ሙቀት ግን መለካት አለበት፤ ካርዱም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ወይም ፈተና ላይ ሳይቆይ ገንዘብ አይከፈልበትም።

አሁን ማንም የማያስታውቀው ዕቃ ላይ ደርሰናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገጣጠም ኮምፒውተር ከሁሉም ዕቃ ሊታሰብበት የሚገባው ፓወር ሳፕላዩ ነው፤ ገዢዎች ግን ገንዘባቸው ካለቀ በኋላ የሚያስቡት እሱን ነው። ብዙ ጊዜም ከኬዙ ጋር «በነፃ» የመጣውን ይቀበላሉ። በጎኑ «500 ዋት» ተብሎ በደማቁ የተጻፈበት ዕቃ ተለጣፊ ወረቀቱ ሲነበብ ባለ 12 ቮልት መስመሩ 20 አምፒር ብቻ ሊሆን ይችላል። 12 በ20 ሲባዛ 240 ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሁለቱም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ስለሆነ የዕቃው እውነተኛ ጉልበት ይኸው 240 ዋት ነው። ዕቃው ሚዛን ላይ እንኳ ይታወቃል፤ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ውስጡ መዳብና ትልልቅ ካፓሲተር ስላለ ይከብዳል።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ይረዳል፤ የሚለካው ግን ብቃትን ነው። ብሮንዝ የተባለው በግማሽ ጭነት ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 85 በመቶ ያህሉን፣ ጎልድ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ምልክቱ የደህንነት ምስክር ወረቀት አይደለም። በ2021 የጊጋባይት ኩባንያ ባለ 750 እና ባለ 850 ዋት ፒ-ጂኤም ፓወር ሳፕላዮች፣ የጎልድ ምልክት ይዘው ሳለ፣ ገለልተኛ ሞካሪዎች እጅ ላይ እየፈነዱ ተበላሹ፤ ኩባንያውም በኦገስት ወር የተወሰኑ የመለያ ቁጥሮች ያሏቸውን እንደሚለውጥ አስታወቀ። ስለዚህ የምርቱን ስም ከነሞዴሉ ይዞ በገለልተኛ ሞካሪ የተፈተነ መሆኑን ማየት ነው የሚያዋጣው።

ስንት ዋት ይበቃል ለሚለው ሒሳቡ ቀላል ነው። ራይዘን 5 7600 ሲጨነቅ 88 ዋት ገደማ ይበላል፤ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለፋኖቹና ለዲስኩ 60 ዋት ቢታሰብ ድምሩ 263 ነው። ለዚህ ማሽን እውነተኛ የሆነ 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። 850 ዋት ግዛ የሚል ሻጭ የሚያስበው ስለራሱ ነው። 575 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 5090 ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ኤንቪዲያ ራሱ ለእሱ 1000 ዋት ይመክራል።

ከዚያ መብራቱ አለ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ መብራት ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣም ቮልቴጁ ይዋልላል። አንዳንድ ርካሽና አሮጌ ፓወር ሳፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ አላቸው፤ 115 ላይ ሆኖ ከግድግዳ ጋር የተሰካ ዕቃ በቅጽበት ይቃጠላል። ዩፒኤስ መግዛት እዚህ አገር ቅንጦት አይደለም፤ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት በጀት ሊያዝለት ይገባል። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 400 ዋት ብቻ መሆኑን፣ ሌዘር ፕሪንተርም እንደማይሰካበት ማወቅ ያስፈልጋል። ቮልቴጁን የሚያስተካክል ክፍል ያለው ቢሆን ስታቢላይዘር ለብቻው መግዛት አያስፈልግም።

በውጭ የሚኖር ዘመድ ዕቃ ይዞ ሲመጣም ምርጫው በዚሁ መንገድ ይሁን። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ኬዝና ሞኒተር እዚሁ ቢገዙ ይሻላል። ከአሜሪካ ዩፒኤስ ማስመጣት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ፓወር ሳፕላይ ከሆነ ተለጣፊው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መባሉ ይረጋገጥ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ዋስትናው ያለው እዚያው የተገዛበት አገር መሆኑም አይዘንጋ።

ስለ ኬዝ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ከአንድ ነገር በቀር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። አምራቾች የሚያወጡት የሙቀት መለኪያ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ፊቱ በመስታወት የተዘጋ፣ ባለ ቀለም መብራት ኬዝ ለዚህ ከተማ አይመከርም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት አስገቢ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን ያለው፣ የአቧራ መከላከያው በቀላሉ ወጥቶ የሚታጠብ ቢሆን የበለጠ ያገለግላል። የግራፊክስ ካርዱ ርዝመትና የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመት ኬዙ ከሚቀበለው አለመብለጡም ቀድሞ ይታይ፤ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 የተባለው ታዋቂ ማቀዝቀዣ ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ኬዝ ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የማይሞላለት ገዢ ምን ያድርግ? ግራፊክስ ካርዱን ያቆየው። ውስጣዊ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር፣ እንደ ራይዘን 5 7600፣ በኤኤም 5 ማዘርቦርድ ላይ ገጥሞ፣ ደህና ፓወር ሳፕላይና ኤስኤስዲ ይዞ ሥራ ይጀምር። ካርዱ ከዓመት በኋላ ቢመጣ የሚሰካበት ቦታም የሚመግበው ኃይልም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ተቃራኒውን ያደረገ፣ ማለትም ውድ ካርድ ገዝቶ ሌላውን በርካሽ የሞላ፣ ካርዱን ሳይጨምር ማሽኑን እንደገና መግዛቱ አይቀርም።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ከሱቁ ሳይወጣ የሚሠራ ሥራ አለ። ኮምፒውተሩ ባለበት ይብራ፤ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ፍጥነት፣ ኤስኤስዲው ይታይ። ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነበባል፤ አዲስ የተባለ ዕቃ ሺህ ሰዓት ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው። ሜምቴስት86 የራሙን ጤንነት ይናገራል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ምሽት ቤት ተወስዶ ቢሠራም ዋስትናው እንዲሸፍነው አስቀድሞ መነጋገር ነው። ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ሙሉ የሞዴል ስምና የመለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ካርቶኖቹም አይጣሉ። ይህን ሁሉ ለማስፈተሽ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ውድ አንባቢ፣ ቅናሽ ቢጨምርልዎትም ገንዘብዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።